ፑልሳሯ ለምን ደከመች? የአንዲት ስፖርት ሞተር ጉዳይ ከጎንደር

ይህ የአንዲት ሞተር ሳይክል ጉዳይ ነው። ባጃጅ ፑልሳር 200 ኤንኤስ ናት፤ ባለ ካርቡሬተሯ። ካርቡሬተር ቤንዚንና አየር ደባልቆ ለኢንጂኑ የሚሰጠው ዕቃ ነው። ባለቤቷ የማራኪ ሰፈር ልጅ ነው፣ ቢሮ ይሠራል። እንጀራ አይበላባትም፤ ስለሚወዳት ነው የያዛት። ቅዳሜ ከሰዓት ያጥባታል። እሁድ ወደ አዘዞ ወይም ወደ ኮሶዬ ይዟት ይወጣል። ከደሞዙ የተረፈችውንም እሷ ላይ ያውላታል። ጉዳዩን እንዳለ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል።

«ጓዴ፣ ሞተሬ አልቃለች» አለኝ። ጠዋት ጠዋት ለመነሳት ታስቸግራለች። ቤንዚን ትጨርሳለች፤ በአንድ ሊትር 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። ከሁሉም ያናደደው ግን አቀበቱ ነው። ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሲወጣ፣ እጀታውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዞም በሦስተኛ ማርሽ ትንፋሽ ያጥራታል። አንዳንዱ ፒስቶኑ ተበልቷል ብሎታል፣ ሌላው ኢንጂኑ ይውረድ ብሎታል። ኢንጂን ማውረድ ማለት ደግሞ የወራት ደሞዝ ነው።

ኢንጂኑ አልወረደም። መውረድም አልነበረበትም። ችግሩ አንድ ትልቅ በሽታ ሳይሆን እርስ በርስ የተደራረቡ ትንንሽ ነገሮች ነበሩ። አብዛኞቹ ደግሞ ሞተሯን ለማሳመር ተብለው የተገጠሙ ናቸው።

ምን ምን ተገጥሞ ነበር?

ሞተሯን ሁለተኛ እጅ ነው የገዛት። ስትመጣ እንደ ፋብሪካዋ ነበረች። ከዚያ በኋላ የአየር ማጣሪያ ሳጥኗ ወጥቶ ካርቡሬተሩ አፍ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ክፍት ማጣሪያ ገባ። የማርሚታው ውስጠኛ ድምፅ ማፈኛ ወጣ። ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው ዋናዋ ጄት በትልቅ ተቀየረች። ጄት የምትባለው ቤንዚን የሚያልፍባት፣ መሐሏ የተበሳች ትንሽ የነሐስ ብሎን ናት። ከፊት ሁለት ፓውዛ (ተጨማሪ መብራት) ተጨመረ። መሪው ዝቅ ባለ የስፖርት መሪ ተተካ። ስፖኪዮዎቹም ትንንሽ ሆኑ። የጎን መከላከያ ብረትም አለ። ከዝርዝሩ ውስጥ ያለ ማቅማማት የማመሰግነው እሱን ነው፤ ዝናብ በነካው የጎንደር ኮብልስቶን ላይ ለወደቀ ሰው እግሩንም ራዲያተሩንም ያተርፍለታል።

ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። «ጎንደር ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ የአየሩን በር ልክፈትላት» ብሎ ነው የጀመረው። ማርሚታው ሲከፈት ደግሞ «ጄት አሳድግ» የሚል ምክር ሰማ። ምክሩ በራሱ ውሸት የለውም። ማርሚታና ማጣሪያ ሲከፈት ብዙ አየር ይገባል፤ አየር ሲበዛ ድብልቁ ስለሚሳሳ ቤንዚን መጨመር ያስፈልጋል። ግን ምክሩ የተሰጠው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ሳይሉ ለሚነዱ ሰዎች ነው። ለጎንደር አይሆንም።

ነገሩ ሁሉ የተያያዘው ከአየሩ ጋር ነው

ጎንደር 2133 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 77 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሙቀቱ ሲጨመርበት፣ ኢንጂኑ በአንድ ስበት የሚያገኘው አየር ክብደቱ በባሕር ወለል ከሚያገኘው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይቀንሳል። የሲሊንደሩ ስፋት ያው 199.5 ሲሲ ነው። የሚሞላው አየር ነው የሳሳው።

ይህች ሞተር በወረቀት 23 ፈረስ ጉልበት ገደማ አላት። ጎንደር ላይ፣ ፍጹም ጤነኛ ሆና እንኳ፣ ወደ 18 ትጠጋለች። ያንን ልዩነት የሚመልስ ማጣሪያ የለም። የአየሩ መግቢያ ሰፋ ጠበበ፣ ውጭ ያለው አየር ያው ስስ ነው። ለባለቤቱ መጀመሪያ የነገርኩት ይህንን ነው፣ ምክንያቱም የቀረው ሁሉ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው የሰጣትን ጉልበት በሙሉ እዚህ አናገኝም። የምንፈልገው ጎንደር የምትፈቅደውን ሳናባክን ማግኘት ነው።

ሁለተኛው ነገር ካርቡሬተሩ ነው። ካርቡሬተር ቤንዚን የሚስበው በሚያልፈው አየር ጉልበት ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑም ይቀንሳል፣ ግን በእኩል መጠን አይደለም። የአየሩ ክብደት በ20 በመቶ ቢቀንስ ቤንዚኑ የሚቀንሰው በ10 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ከፍታ ላይ ድብልቁ ራሱ በራሱ ቤንዚን ይበዛበታል። ፑልሳር የሚሠራባት የህንዷ ፑኔ ከተማ ከፍታዋ 560 ሜትር አካባቢ ነው። ማንም ሳይነካት ጎንደር ስትደርስ እንኳ ትንሽ ቤንዚን በዝቶባት ነው የምትደርሰው። የኛ ሰው በዚያ ላይ ጄት አሳደገ።

እርግጥ የዚህች ሞተር ካርቡሬተር ዓይነቱ ጥሩ ነው። ውስጡ ያለው ተንሸራታች ክፍል በእጅ ሳይሆን በአየር ስበት ነው ወደ ላይ የሚወጣው፤ ስለዚህ የከፍታን ለውጥ በከፊል ራሱ ያስተካክላል። ነገር ግን ያ ስበት እንዲረጋ ከኋላው የተዘጋ ሳጥን ይፈልጋል። ሳጥኑን አውጥተህ ክፍት ማጣሪያ ስትሰካ፣ የነፋሱ ግፊትና የጎን አየሩ ተንሸራታቹን ያወዛውዙታል። መካከለኛ ዙር ላይ «ዝም» የምትልበት ቦታ የመጣው ከዚህ ነው። አቀበት ላይ የምንፈልገው ደግሞ በትክክል ያንን ዙር ነው።

ካርቡሬተሩን ከመክፈታችን በፊት

ወረፋ አስያዝኩ። ካርቡሬተሩ የመጨረሻው ይሁን አልኩ። ሰው ጉልበት ጎደለ ሲባል ሮጦ ካርቡሬተር ይከፍታል፤ ጉልበቱ ግን ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነው የሚባክነው። ስለዚህ ከጎማ ጀመርን።

የኋላው ጎማ ግፊት 18 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ነበር። ብቻህን ስትነዳ 28፣ ሰው ስትጭን 32 ነው የሚባለው፤ ለፊቱ 25። ጎሚስታ ጋ በዓይን እየተነፋ የኖረ ጎማ ነው። መሃል መቆሚያ ስለሌላት የኋላውን በመደገፊያ አንስተን ጎማውን በእጅ አሽከረከርነው። ግማሽ ዙር ሄዶ ቆመ። ጤነኛ ጎማ ካቴናውን እየጎተተም ቢሆን ሁለት ሦስት ዙር ይሄዳል። የኋላው ፍሬን ይዟል ማለት ነው። ስንፈታው የፍሬን ሸራው መያዣ የሚንሸራተትባቸው ሁለቱ ዘንጎች ደርቀዋል፤ አቧራና አሮጌ ቅባት አንድ ላይ ጠጥሮባቸዋል። በፍሬን ማጽጃ ታጥበው ሙቀት የሚችል ቅባት ተቀቡ። ጎማው መልሶ ሲሽከረከር የባለቤቱን ፊት ብታዩት! ሞተሯ ለካ ፍሬን ተይዞባት ነበር አምባ ጊዮርጊስን የምትወጣው።

ካቴናው ደግሞ እንደ ክራር ክር ተወጥሮ ነበር። ላላ ያለ ካቴና ሰው ስለሚፈራ ብዙዎች ያጠብቁታል። የተወጠረ ካቴና ግን ጉልበት ይበላል፤ የኋላውን ኩሽኔታና የማርሽ ሳጥኑን መውጫ ኩሽኔታ ይገድላል። በዚህ ዓይነት ሞተሮች ካቴናው በታችኛው ጎኑ መሃል ላይ ወደ ላይና ወደ ታች 25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲንቀሳቀስ ነው የሚፈለገው፤ ትክክለኛው ቁጥር መመሪያ መጽሐፉ ላይ አለ። መለካት ያለበት ግን በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ጎማውን እያዞሩ በጣም የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጎ እዚያ ላይ ነው። ያጠብነው በነጭ ጋዝ ነው። ቤንዚን አልነካነውም፤ ቤንዚን በካቴናው መገጣጠሚያ ውስጥ ያሉትን የጎማ ቀለበቶች ያደርቃቸዋል።

ቀጥሎ ካንዴላ፤ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው። ስለዚህች ሞተር ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፤ ካንዴላዎቿ ሦስት ናቸው። መሃል አንድ፣ በጎንና በጎን ሁለት። ባለቤቱ «ካንዴላ ከቀየርኩ ገና ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የመሃሉ አዲስ ነበር። ሁለቱን የጎኖቹን ግን ከተገዛች ጀምሮ ማንም አልነካቸውም። አንዱ እንደ ከሰል ጠቁሮ ወጣ። ሌላው ረጥቧል፤ አሸተትኩት፣ ቤንዚን ነው። ሦስቱም አንድ ላይ ተቀየሩ። ካንዴላ ሲወጣ ሁልጊዜ ቀለሙን ማየት ነው። ቡና ዓይነት ቀለም ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን ይናገራል። የነጣ ካንዴላ ደግሞ ቤንዚን አንሶ ኢንጂኑ እየጋለ ነው ማለት ነው፤ ከጥቁሩ በላይ የሚያስፈራው እሱ ነው።

ዘይቱን አሸተትነው። ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ያልተቃጠለው ቤንዚን በፒስቶኑ ፋሻዎች (ዙሪያውን በሚይዙት ቀለበቶች) በኩል ወደ ታች እየወረደ ዘይቱን አቅጥኖታል። ስለዚህ ዘይትም ማጣሪያም ተቀየረ። እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ፤ የመኪና ዘይት እዚህች ሞተር ውስጥ አይግባ። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር ኢንጂኑን ከጎማው የሚያላቅቀው) ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። አንዳንዱ የመኪና ዘይት ማንሸራተቻ ቅመም ስላለው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ቆርቆሮው ላይ ጃሶ ኤምኤ (የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ) የሚል ጽሑፍ መኖሩን ማየት ነው፤ ለዚህች ሞተር ውፍረቱ 20 ደብልዩ 50 የሆነውን።

ራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ ነበር። ጎንደር ላይ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን በግፊት ያንን ከፍ ያደርገዋል፤ ክዳኑ ከደከመ ግን ውሃው ቶሎ ይፈላል። ፈሰሰና ትክክለኛው ማቀዝቀዣ ገባ።

ፓውዛዎቹስ? በቀጥታ ከባትሪ ተስበው ነበር፣ ፊውዝም ሪሌም (ብዙ ኤሌክትሪክ የሚችል ማብሪያ ማጥፊያ) የላቸውም። ሁለቱ አንድ ላይ 80 ዋት ናቸው። ከ12 ቮልት ባትሪ ወደ 7 አምፔር መሆኑ ነው፤ የዚህች ሞተር ባትሪ ደግሞ 8 አምፔር ሰዓት ነው። በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጣት ዝቅ ባለ ዙር እየሠራች) ቆማ ፓውዛው ሲበራ ባትሪው ላይ የለካሁት 12.2 ቮልት ነው። ባትሪ እየሞላ ከሆነ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ስለዚህ ማታ ፒያሳ ውስጥ እየቆመች ስትሄድ ባትሪዋን እየበላች ነው። የጠዋቱ አልነሳም ባይነት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አንደኛው ሽቦ ደግሞ መሪው በሚዞርበት ቦታ ላይ ልጡ ተልጦ መዳቡ ይታያል። ፊውዝና ሪሌ ተገጠመ፣ ሽቦው በሌላ መንገድ ሄደ፣ አንዱ ፓውዛ ወጣ።

ዝቅ ያለው መሪ ያመጣውን ጣጣ ያገኘነው በአጋጣሚ ነው። ሞተሯ በሚኒሞ እየሠራች መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ስናዞር ድምፅዋ ከፍ አለ። የቤንዚኑ ገመድ አጥሮ እየተጎተተ ነው። ጠባብ ቦታ ላይ ለመዞር ሲል ሳያስበው ልትወረወር ትችል ነበር። ገመዱ በትክክለኛው መንገድ ሲሄድ ችግሩ ቀረ። መሪ የቀየረ ሰው ሁሉ ይህን አሁኑኑ ወጥቶ ይሞክር፤ የሚፈጀው ደቂቃ አይሞላም።

ካርቡሬተሩ ሲከፈት

ካርቡሬተሩን ይዘን አራዳ አካባቢ ወዳሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ሄድን። ዕድሜያቸውን በሙሉ የጣሊያን መኪና ካርቡሬተር ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ቤንዚን ይበዛባታል፤ ጄቷን ይዩልን» አልናቸው።

ካቻቢቴያቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ጄቷን ፈቷት፣ በነጭ ጨርቅ ጠረጓት። ወደ በሩ ሄዱና በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ፀሐይ ቀና አደረጓት። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«አንተ ልጅ፣ ይህችን በሽቦ የጠረጋት ማነው?» አሉ።

እኔም አየሁት። የጄቷ ቀዳዳ ክብ መሆን ሲገባው ወደ አንድ ጎን ሞለል ብሏል። የብረት ሽቦ ነሐስን ይፍቀዋል። ላይዋ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከፋብሪካው ይበልጣል፤ ቀዳዳዋ ደግሞ ከቁጥሩም ይበልጣል። ከጀሪካን የተቀዳ ቤንዚን ቆሻሻ ስለሚያመጣ ጄት መዘጋቱ ያለ ነው። ሲዘጋ ግን የሚጸዳው በካርቡሬተር ማጽጃና በንፋስ ነው። ቢያስቸግር የናይለን ክር ይበቃል። በመርፌ ወይም በሽቦ የተነካ ጄት ከዚያ በኋላ ቁጥሩ አይታመንም።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ሁሉ ወደ መነሻው መመለስ ነበር። የአየር ማጣሪያ ሳጥኗ ደግነቱ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ በአዲስ ማጣሪያ ተመልሶ ገባ። የማርሚታው ማፈኛም ተመለሰ። ባለቤቱ እዚህ ላይ ትንሽ ቅር አለው፣ ድምፁን ይወደዋል። ግን ግቢ ውስጥ አራስ አለች፤ አከራዩ እማማም «ልጄ፣ እባክህ» ካሉት ሰንብተዋል። እኔም የጎረቤት ሰላም ከዚያ ድምፅ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ጄቷ መጀመሪያ በፋብሪካው ቁጥር ተተካች። ነድተን ካንዴላውን ስናይ አሁንም ጠቆር ይላል፤ ከፍታው ነው። በአንድ ቁጥር ዝቅ ያለች ጄት ገባች። ቀለሙ ወደ ቡና መጣ። የሚኒሞው ድብልቅ ማስተካከያ ብሎን ሞተሯ በደንብ ከሞቀች በኋላ ተነካ፤ ብርድ ላይ ማስተካከል ልፋት ነው። እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ተደረገ፣ በደብተርም ተጻፈ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየሩ የትኛው እንደሠራ ማወቅ አይቻልም።

ፈተናው የታወቀ ነው፣ ያው የአምባ ጊዮርጊስ አቀበት። ቀድሞ በሦስተኛ ትንፋሽ የሚያጥራት ቦታ ላይ በአራተኛ ወጣች። እየተጎተተች ሳይሆን እየገፋች። ቤንዚኗም በአንድ ሊትር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። የለካነው ታንከሩን እስከ አፉ ሞልቶ፣ ነድቶ፣ እንደገና እስከ አፉ በመሙላት ነው። ጠዋት በአንድ ንኪ ትነሳለች።

ገንዘቡስ? ካንዴላ፣ ዘይት፣ የአየር ማጣሪያ፣ ሁለት ጄት፣ ማቀዝቀዣ፣ ሪሌና ፊውዝ፣ የመካኒኩ እጅ። ሁሉም ተደምሮ ለክፍቱ ማጣሪያና ለፓውዛዎቹ ካወጣው ያንሳል።

ልጁ ከዚህ በፊት ባለ 150 ሚሊ ሜትር ሰፊ የኋላ ጎማ ሊገዛ አስቦ ነበር። ተው አልኩት። የፋብሪካው 130 ነው፤ ቸርኬው የተሠራው ለእሱ ነው። ሰፊ ጎማ ጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገባ ጎንና ጎኑ ተጨምቆ ቅርጹ ይበላሻል፤ ኩርባ ላይ አስፋልት የሚነካው ክፍሉም እንደታሰበው አይሆንም። ክብደትም ይጨምራል። በዚያ ገንዘብ ደህና የእጅ ጓንትና የጎማ ግፊት መለኪያ ገዛ። ስፖኪዮዎቹንም ወደ ትልልቆቹ መልሷቸዋል፤ በባጃጅ መሃል የሚነዳ ሰው ኋላውን ማየት አለበት።

ጎንደር ላይ ለሚነዱ ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛ፣ የቀነሰችው ጄት ለደጋ ናት። ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ከ1000 ሜትር በታች ይገባል፤ እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ድብልቁ ይሳሳል፣ ኢንጂኑ ይግላል። ቆላ ላይ ረጅም መንገድ እስከ መጨረሻ ጠምዝዞ መንዳት ፒስቶን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ የፋብሪካዋ ጄት በትንሽ ላስቲክ ተጠቅልላ፣ ቁጥሯ ተጽፎባት ከመቀመጫው ሥር ተቀምጣለች። ሁለተኛ፣ ሞተራችሁ ኢንጀክሽን (ያለ ካርቡሬተር ቤንዚኑ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ) ከሆነ የጄቱ ነገር አይመለከታችሁም፤ ሴንሰሩ የአየሩን ግፊት አይቶ ቤንዚኑን ራሱ ይቀንሳል። ፍሬኑ፣ ካቴናው፣ ጎማውና ሽቦው ግን እንዳለ ይመለከታችኋል።

የቀሩ ሥራዎች አሉ። የቫልቮላው (የኢንጂኑ አየር ማስገቢያና ጭስ ማስወጫ በር) ክፍተት ገና አልተለካም፤ ኢንጂኑ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ሲያድር ጠዋት የምንሠራው ነው። የፊት ሹካው ዘይትም ተራውን እየጠበቀ ነው። የካቴናው ጥርሶች (ካቴናው የሚዞርባቸው የፊትና የኋላ ባለ ጥርስ መዘውሮች) ጫፋቸው መሹል ጀምሯል፤ ከክረምት በፊት ካቴናውና ሁለቱ ጥርሶች አንድ ላይ ይቀየራሉ። አንዱን ብቻ መቀየር አዲሱን ቶሎ ይበላዋልና ገንዘቡን ከአሁኑ እያጠራቀመ ነው።